ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ሲወጣ

እኛ ቤት ነሐሴ ከገባ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ልብስ ሆኗል። የሰባት ወር ሕፃን ያለችበት ቤት በዝናብ ወራት ምን እንደሚመስል ያሳደገ ያውቀዋል። ሽንት ጨርቁ፣ ቱታው፣ ፎጣው፣ የለሃጭ መጥረጊያው፣ ጠዋት የታጠበው ሁሉ ማታም እንደ ረጠበ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ግቢ የሚባል ነገር የለንም። ያለችን አንዲት በረንዳ ናት፤ እሷም ብትሆን ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ይገባባታል።

ልጄና ባለቤቷ ማሽን የገዙት ሚጣ ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት ነበር። ፊት ለፊት የሚከፈተው ዓይነት ነው። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያደነቀው ማሽን ነው፤ ልብሱ ሲወጣ ለካውያ ብቻ የቀረው ይመስል ነበር። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ያጥባል፣ ያለቀልቃል፣ መጨረሻ ላይ ያጉረመርምና ዝም ይላል። በሩን ስንከፍተው ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ይወጣል። ሠራተኛችን ሳፋ ይዛ ተቀምጣ አንድ በአንድ በእጇ ትጨምቃለች። ታዲያ ማሽኑ ምን ሊሠራ መጣ?

እኔም ልጄም ጥፋቱን በእሷ ላይ አደረግነው። «አብዝተሽ እየጨመርሽበት ነው»፣ «ቁልፉን ነካክተሽዋል» አልናት። ከልጄ ይልቅ እኔ ነበርኩ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት፤ ይህን የምጽፈው ኋላ ላይ ስለምመለስበት ነው። አንድ ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። እጁን ማሽኑ አናት ላይ ጭኖ ጥቂት አዳመጠና «ሞተሩ ደክሟል፣ መቀየር አለበት» አለ። የጠራው ገንዘብ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ የሚያህል ነበር። ፊልተሩን ከፍቶ አላየም፤ ቱቦውንም አልነካም። ልጄ «ደሞዝ እስኪወጣ እንታገሥ» አለችና ነገሩ በዚያው ቆየ።

እንዲህ እያለን አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ደርሼ ወደ አመሻሹ ላይ ተመለስኩ። በማግስቱ የጎረቤት ክርስትና ስለነበረብን ልጄ ወደ ገበያ ስትወጣ «የሚጣ ነጩ ቀሚስ እንደምንም ይድረቅ» ብላ ለሠራተኛችን አዝዛ ነበር። ቤት ስገባ የሕፃኗ ክፍል በር ተዘግቷል። ከፈትኩት። ከመስኮቱ ብረት እስከ ቁም ሳጥኑ ገመድ ተወጥሯል፤ ልብሱ ጎን ለጎን ተሰጥቷል፤ ከሥሩ ጡብ ላይ የከሰል ምድጃ ተቀምጦ ፍሙ ቀልቷል። መስኮቱ ዝናብ እንዳያስገባ ጥርቅም ተደርጓል። ሚጣ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። ሠራተኛችን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን በሻሽ አስራለች። «እማማ፣ ራሴን ፈለጠኝ፤ ያጥወለውለኛልም» አለችኝ።

38 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ጉልበቴ እንደዚያን ቀን ከድቶኝ አያውቅም፤ ግን እግሬ ከእኔ ቀድሞ ነበር የሄደው። ሕፃኗን አንስቼ ወደ ደረጃው ወጣሁ፤ ሠራተኛችንን «ተነሺ፣ ውጪ!» ብዬ ጮህኩባት። ሚጣን ለጎረቤት ሰጥቼ ተመለስኩ፤ ትንፋሼን ይዤ መስኮቱን በረገድኩ፣ ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣሁ። ሚጣ ነፋሱ ሲነካት ነቅታ አለቀሰች። ለቅሶዋን እንደዚያን ጊዜ ወድጄው አላውቅም። ሁለቱንም ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሠራተኛችን ኦክስጅን ተሰጣት፤ ሕፃኗም ታየች። ደህና ሆነው በዚያው ሌሊት ወደ ቤት ተመለስን።

ስለ ከሰል ትንሽ ልበል፤ ማሽኑ አያመልጠንም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር «አሁንማ ነጽቷል» ብለን ወደ ቤት የምናስገባው ከሰል ጋዙን ማውጣቱን አላቆመም። አመድ የለበሰ ረመጥም ቢሆን ያው ነው። ይህ ጋዝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ጉልበት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ከእኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይጎዳል፤ ደግሞም ራሴን አመመኝ ብሎ አይናገርም፤ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት ማጣት ነው። በክረምት ይህን ሁሉ ጉንፋን እንለዋለን። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ቀለል ካላቸው ግን ጉንፋን አይደለም። ያን ጊዜ ሰውን ሁሉ ወደ አየር ማውጣት፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ወተት ማጠጣት ይህን መርዝ ከደም አያወጣውም፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በሥራ ዘመኔ ሌሊት ተረኛ ሆኜ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብተው የተኙ ሦስት ሰዎች መጥተውልን ነበር። ያተረፍነው አንዷን ብቻ ነው።

ሠራተኛችንን ማንም አልነገራትም፤ ጥፋቱ ያ ነው። ያደገችው እሳት መሃል ቤት በሚነድበት የሣር ቤት ነው። ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ነፋሱም በግድግዳው ይገባል። የእኛ ቤት ግን ሲሚንቶና መስታወት ነው፤ ሲዘጋ እንደ ጠርሙስ ነው። ቤት ስትገባ ስለ ጋዝ ምድጃው፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ በሩ ቁልፍ ስንነግራት ከሰሉን ረሳነው። እኔ ነርሷ ረሳሁት።

እሑድ ማታ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ሳስበው፣ ምድጃውን እዚያ ክፍል ያስገባው ያ ያልተጨመቀ ልብስ ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ማሽኑን እንደ በሽተኛ ተቀበልኩት። በሽተኛ ሲመጣ መርፌ አይቀድምም። መቼ ጀመረህ፣ ሲብስብህ መቼ ነው ይባላል፤ ከዚያ ይመዘናል።

ስለዚህ መዘንኩ። ሕፃን በመቆሚያ ሚዛን ስንመዝን እናትየው ልጇን ታቅፋ ትቆማለች፣ ከዚያ ብቻዋን ትቆማለች፣ ልዩነቱ የልጁ ነው። እኔም ደረቁን ልብስ በሳፋ ይዤ ቆምኩ፤ ባዶውን ሳፋ ይዤ ቆምኩ። ልብሱ 4 ኪሎ ነበር። ታጥቦ ሲወጣ 8 ኪሎ ተኩል ሆነ። አራት ሊትር ተኩል ውሃ ማለት ነው፤ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ግማሽ የቀረው። ይህ ሁሉ ውሃ ሚጣ በምትተኛበት ቤት አየር ውስጥ ተንኖ ነበር የሚያልቀው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ ሻጋታ መጣ፣ ልጅቷ አስነጠሰች እንላለን። በደቂቃ 1200 ጊዜ የሚሽከረከር ጤነኛ ማሽን በደረቁ ልብስ ክብደት ግማሽ ገደማ የሚሆን ውሃ ነው የሚያስቀረው። ለእኛ 4 ኪሎ ከ2 ሊትር እምብዛም ማለፍ የለበትም ነበር። እናንተም ሚዛን ካላችሁ ይህን አድርጉ፤ «ይመስለኛል» ከሚለው ክርክር ያወጣችኋል።

ቀጥሎ ጥያቄው። «የሚብሰው ምን ስናጥብ ነው?» አልኳት ሠራተኛችንን። ትንሽ አመነታችና «የእርስዎን ጋቢ ያጠብኩ ቀን ጭራሽ አይሽከረከርም» አለች። ጋቢዬ! ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ብቻውን ሲገባ ተጠቅልሎ ወደ አንድ ጎን ይከመራል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ አህያ እንደማይሮጥ ሁሉ ማሽኑም ከበሮው ሚዛን ሲያጣ ፍጥነቱን አይጨምርም። ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ ሊያስተካክል ይሞክራል፤ ሲያቅተው በዝግታ ዞሮ ያቆማል። ያ ብልሽት ሳይሆን ራሱን መጠበቁ ነው። ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ከጥቂት ፎጣዎች ጋር አደባልቃችሁ አስገቡት፤ ማሽኑ ከቆመ በሩን ከፍታችሁ ልብሱን በእጃችሁ በትኑና የመጭመቂያውን ፕሮግራም ብቻ እንደገና አስነሱት። እስከ አፉ መጠቅጠቅም እንዲሁ ነው፤ ከልብሱ በላይ መዳፋችሁ በአግድም የሚገባበት ቦታ ይቅር።

ፕሮግራሙንም አየሁ። ሠራተኛችን የሕፃኗን ልብስ የምታጥበው የሱፍ ክር ሥዕል ባለበት ላይ ነበር። ለስላሳ መሆኑ ገብቷት ነው፤ ለሕፃን ይሻላል ብላ። አልተሳሳተችም፣ ነገር ግን ያ ፕሮግራም ሱፍና ሐር እንዳይበላሽ ብሎ ቀስ ብሎ ነው የሚጨምቀው። የሚጣ ልብስ ጥጥ ስለሆነ ወደ ጥጡ አዞርነው።

ሳሙናውስ? የእጅ ማጠቢያ ዱቄት አንድ ሙሉ ብርጭቆ ነበር የምትጨምረው። እኔም ራሴ አረፋ ያላየሁበት ልብስ የታጠበ አይመስለኝም፤ ያደግነው እንዲያ ነው። ፊት ለፊት የሚከፈት ማሽን ግን በጥቂት ውሃ ስለሚያጥብ አረፋ ጠላቱ ነው። ከበሮውን ያፍነዋል፣ ፓምፑም ውሃ በመሳብ ፈንታ አረፋ ይስባል። ያለ ሳሙና አንድ ጊዜ አስነስታችሁ በመስታወቱ አረፋ ካያችሁ ከዚህ በፊት የጠጣው ሳሙና ነው። ለማሽን የተሠራውን፣ አረፋው ትንሽ የሆነውን ዱቄት ተጠቀሙ፤ መጠኑም በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን።

ይህን ሁሉ አስተካክለን መዘንኩ፤ 7 ኪሎ ከ600። ተሻለው፣ ግን አልዳነም።

አሁን ወደ ሆዱ ገባን። የአብዛኞቹ ማሽኖች ፊት ላይ፣ ከታች በስተቀኝ ጥግ፣ ትንሽ መዝጊያ አለች። ከኋላዋ የፓምፑ ፊልተር ይገኛል። ማሽኑ ቤታችን ከገባ ወዲህ ከፍተናት አናውቅም። መጀመሪያ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ፤ የሚወጣው ውሃ ያቃጥላል። ሕፃናትን ከአካባቢው አርቁ። ዝርግ ትሪና አሮጌ ፎጣ ከሥር አድርጉ። ከፊልተሩ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ካለ በእሱ ውሃውን አስቀድማችሁ ቅዱ። ከዚያ ፊልተሩን በሰዓት ጠምዛዛ ተቃራኒ በኩል ቀስ እያላችሁ ፍቱት። ቀስ! እኔ ቸኩዬ ወጥ ቤቱን አጥለቀለቅሁት።

ሦስት ትሪ የቦይ ሽታ ያለው ግራጫ ውሃ ወጣ። ቀጥሎ ፊልተሩ ወጣ። ላዩ ላይ የነጠላ ክር ከጸጉር ጋር ተገምዶ የአይጥ ግልገል መስሏል። አንድ የጸጉር ማስያዣ፤ ባለፈው ወር ቤት ተገለባብጦ የጠፋው የሚጣ ካልሲ፤ አምስት የብር ሳንቲም፣ ሁለት ሃምሳ ሳንቲም። ሠራተኛችን ዝም ብላ ትመለከታለች። ሳንቲሞቹን ሳያቸው «የማን ነው?» ልል አፌን ከፈትኩ፤ በመሃሉ አንዲት የብር ቁራጭ አየሁ፣ የክኒን ማሸጊያ ጥግ። በዚህ ቤት ክኒን የሚውጥ ሰው አንድ ነው፤ እሷም የደም ግፊት ያለባት እኔ ነኝ። ሳንቲሙም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለነዳያን የምይዘው ነው፤ የተረፈውን በቤት ቀሚሴ ኪስ እረሳዋለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ልጅቷን «አንቺ ነሽ» ስላት የከረምኩት ለካስ ጋቢውም የእኔ፣ ሳንቲሙም የእኔ ኖሯል።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኧረ እማማ፣ ምን አሉኝና» አለች። ብዙ ብያት ነበር።

ፊልተሩ ሲደፈን ለምን ልብሱ እንደማይጨመቅ ላስረዳ። ማሽኑ በፍጥነት ከመሽከርከሩ በፊት ውሃው መውጣት አለበት። ፓምፑ ውሃውን መግፋት ሲያቅተው ከበሮው ውሃ ውስጥ እንደ ቆመ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ወይ ጭራሽ አይዞርም ወይ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሽንቱ የተዘጋበት በሽተኛ በሉት፤ ጠጋኙ ግን ልቡ ደክሟል ብሎን ሄደ። ፊልተሩን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ። በወጣበት ቀዳዳ በባትሪ እያያችሁ የፓምፗ ምላስ እንዳልተቀፈደደች በእንጨት ዘንግ ነካ አድርጉ፤ ስትመልሱትም አጥብቃችሁ ግጠሙት። በየወሩ አንድ ቀን መክፈት በቂ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ግን ካልሲ ሲጠፋ መጀመሪያ እዚያ ይፈለግ።

ማሽኑን ሳብ አድርገን ከኋላው ስናይ ደግሞ የፍሳሽ ቱቦው ግድግዳውና ማሽኑ መሃል ታጥፎ ተጨፍልቋል። ጫፉም ቧንቧው ውስጥ በጥልቀት ገብቶ ዙሪያው በፌስታል ተጠቅጥቋል፤ ሽታ እንዳይመጣ ብሎ አማቼ ያደረገው ነው። ውሃ እንዲወርድ አየር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ፌስታሉን አወጣን፣ ቱቦውንም ወደ ላይ ሳብ አደረግነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የቱቦው ጫፍ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ሲሰቀል ፓምፑ ይደክማል፤ መሬት ላይ ሲጣል ደግሞ ውሃው ሳይታዘዝ ይፈስሳል።

መብራትን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። መሃል ላይ ሲጠፋ አንዳንዱ ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ አይቀጥልም። ልብሱ ሲዘፈዘፍ ከዋለ የማውጫና የመጭመቂያ ፕሮግራሙን ብቻ ማስነሳት ነው። ኃይሉ ወርዶ አምፖሉ በሚደበዝዝበት ምሽት ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ መድረስ ሊያቅተው ስለሚችል ሌሊት ወይም ጠዋት ማጠብ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ባዶው ከበሮ እንኳ በመጭመቂያው ፕሮግራም ካልዞረ፣ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ፣ ወይም ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ ያን ጊዜ ባለሙያ ጥሩ። እናንተ ካቻቪቴ ይዛችሁ ጀርባውን አትፍቱ፤ እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። ባለሙያውን ግን «ያየኸውን አሳየኝ» በሉት። ቺንጋ ሊሆን ይችላል፣ የሞተሩ ካርቦን ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሞተር ከመቀየር ይረክሳሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ያንኑ 4 ኪሎ አጥበን መዘንኩ፤ 6 ኪሎ ከ200 ሆነ። ልጄ ሥራ ልትሄድ እየተቻኮለች «እማዬ፣ ዛሬም ልብስ ትመዝኛለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

የከሰል ምድጃው አሁን በረንዳ ላይ ነው። ቡና ስናፈላም መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሕፃኗ ሌላ ክፍል ሆና ነው። ቸኩሎ የሚደርቅ ልብስ ሲኖር ሁለት ጊዜ እናስጨምቀዋለን፤ ከዚያ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለን በክንዳችን እንጫነዋለን፤ ፎጣው ብዙ ውሃ ይወስዳል። የቀረውን ካውያ ይጨርሰዋል። ማስጫውን ከሚጣ ክፍል አውጥተን ሳሎን መስኮት ሥር አደረግነው፤ መስኮቱ ጠበብ ተደርጎ ይከፈታል፣ በልብሶቹ መሃል ክፍተት ይተዋል። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ወደ በረንዳ ነው፤ የአዲስ አበባ ክረምት ብዙውን ጊዜ ዝናቡን ለከሰዓት ያቆየዋል።

ትናንት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሠራተኛችን ሳፋውን በወገቧ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ልብስ ላስገባ ነው» አለችና መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ «እማማ፣ ኪስዎን።» ሁለት ብርና ግማሽ ክኒን ነበረበት።